ቀጣይ ያጣው ሐዲድ

ጁላይ 3 ቀን 1945 ሌሊት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች በምዕራብ ጃፓን በምትገኘው በሂሜጂ ከተማ ላይ የእሳት ቦምብ አዘነቡ። ቀደም ሲል፣ ጁን 22 ቀን፣ በከተማዋ የነበረው የካዋኒሺ አውሮፕላን ፋብሪካ ተደብድቦ ነበር፤ አሁን ተራው የመኖሪያ ሰፈሩ ሆነ። በሁለቱ ድብደባዎች በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሲነጋ የከተማዋ መሃል ዐመድ ሆኖ ነበር። ከጠላት ዓይን ለመሰወር ጥቁር መረብ የለበሰው ነጩ ጥንታዊ ግንብ ግን ከዐመዱ መሃል ቆሞ ተገኘ።

የአንዲትን አጭር የሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር) መስመር ታሪክ ከዚህ ሌሊት መጀመር ሩቅ መሄድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሂሜጂ ለምን ያን ያህል እንደደፈረች የሚገባን ምን እንዳጣች ስናውቅ ነው። 1.6 ኪሎ ሜትር የምትረዝም፣ ስምንት ዓመት እንኳ ሳትደፍን የቆመች መስመር ናት፤ ብዙዎች የአንድ ከንቲባ ከንቱ ምኞት እያሉ ሲተርኳት ኖረዋል። እኔ እንዲህ ያለውን ፍርድ አልቀበለውም። መነሻ ብቻ ተሠርቶላት ቀጣዩ የተከለከለች መስመር ናት፤ ቅሪቷም ዛሬ እንዲጎበኝ የበቃው በረጅም የአጋጣሚና የሰው ፈቃድ ጉዞ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በዓመቱ፣ በ1946፣ ኢሺሚ ሞቶሂዴ የሂሜጂ ከንቲባ ሆኑ። ሃያ አንድ ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ሥራቸው ሰውን ከፍርስራሽ አውጥቶ ቤት ማስገባት ቢሆንም፣ ዓይናቸው ሁልጊዜ ከዕለቱ ችግር አልፎ ይሄድ ነበር። ከባቡር ጣቢያው እስከ ግንቡ ድረስ በቀጥታ የሚዘረጋ፣ 50 ሜትር ስፋት ያለው ጎዳና አስከፈቱ። ገና በቂ መኪና ያልነበራት፣ ከእሳት የተረፈች ከተማ ይህን የሚያህል መንገድ ምን ታደርግበታለች ያሰኛል። ዛሬ ከጣቢያው የወጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ጎዳናና በጎዳናው ጫፍ ላይ የሚታየውን ነጭ ግንብ ነው፤ የሂሜጂ መልክ እርሱ ነው ማለት ይቻላል። ግንቡንም ኢሺሚ አልተዉትም። መንግሥት እንዲያድሰው ደጅ ከጸኑት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እርሳቸው ነበሩ፤ ከ1956 እስከ 1964 ድረስ ዋናው ግንብ እስከ መሠረቱ ተፈታ፣ ሕንፃውን ከሚሸከሙት ሁለት ታላላቅ የእንጨት ምሰሶዎች አንዱ በአዲስ ተተካ፣ ከዚያ ሁሉም እንደገና ተገጣጠመ።

በዚያው በ1956፣ ከጣቢያው በስተደቡብ ምዕራብ ቴጋራያማ በምትባል ትንሽ ኮረብታ ላይ አንድ ሐውልት ተመረቀ። በመላው ጃፓን በአየር ድብደባ ላለቁ ሲቪሎች የቆመ መታሰቢያ ነው፤ ቅርጹ ወደ መሬት የተሰካ ሰይፍ ይመስላል፤ ሰይፉ ዳግመኛ እንዳይመዘዝ ማለት ነው። ቴጋራያማን እናስታውሳት፤ የሞኖሬሉ መድረሻ ትሆናለች።

በ1964 መኸር ላይ ጃፓን ለዓለም አዲስ ፊቷን አሳየች። ሴፕቴምበር 17 ቀን ከሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቶኪዮ መሃል የሚሄደው ሞኖሬል ሥራ ጀመረ፤ ኦክቶበር 1 ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን በቶኪዮና በኦሳካ መካከል መብረር ያዘ። ሁለቱም የተጣደፉት ለኦሎምፒኩ ነበር። ለእኛ ያ ኦሎምፒክ ማለት አበበ ቢቂላ ነው፤ ኦክቶበር 21 ቀን ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፎ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ጉድ ያለበት ቀን። ለጃፓን የከተማ መሐንዲሶች ግን የዚያ ዓመት ወሬ ሞኖሬሉ ነበር። መኪና እየበዛ፣ መንገዱ እየጠበበ ሲሄድ፣ ከጎዳናው በላይ በአንድ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር መፍትሔ መስሎ ታየ። ቦታ አይፈጅም፤ በወንዝ ዳርና በጠባብ መንገድ ላይ ምሰሶ እየተከሉ ማለፍ ይቻላል።

ችግሩ ሞኖሬል አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ሦስት ሥርዓቶች ለጃፓን ገበያ ይፎካከሩ ነበር። ሂታቺ የጀርመኑን አልቬግ ይዞ መጣ፤ ባቡሩ የኮንክሪት ቢም (በምሰሶዎች ላይ የተጋደመ ተሸካሚ) ላይ ተፈናጥጦ በጎማ ይሄዳል፤ የቶኪዮው ይህ ነው። ሚትሱቢሺ ከላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደውን የፈረንሳዩን ሳፌዥ ያዘ። ሦስተኛው የሎክሂድ ነው፤ ሲ-130 የተባለውን የጭነት አውሮፕላን የሠራው የአሜሪካ ኩባንያ። በጃፓን አጋሩ ካዋሳኪ ነበር፤ እርሱም አውሮፕላን ሠሪ። የሎክሂዱ ሞኖሬል በኮንክሪቱ ቢም አናት ላይ እንደ ተራ ባቡር የብረት ሐዲድ ይዘረጋል፤ የባቡሩም ጎማ ብረት ነው። በቢሙ ሁለት ጎኖች ደግሞ ባቡሩ እንዳያዘነብል የሚይዙ ተጨማሪ ሐዲዶች አሉ። የሠረገላው አካል እንደ አውሮፕላን ከአሉሚኒየም ተሠራ። ብረት በብረት ላይ ስለሚሄድ ከጎማው ሥርዓት ይልቅ ለከፍተኛ ፍጥነት የተመቸ ነው፤ በዚያው ልክ ድምፁ ይበዛል።

ሂሜጂ ሎክሂድን መረጠች። ምርጫው ለአንዲት ኮረብታ የሚያደርስ አጭር መስመር ለሚያስብ ሰው ግራ ያጋባል፤ ለ1.6 ኪሎ ሜትር ያን የሚያህል ፍጥነት ማን ይፈልጋል? ኢሺሚ ግን 1.6 ኪሎ ሜትር አላሰቡም። በሐሳባቸው መስመሩ ከቴጋራያማ ተነሥቶ ከተማዋን ይዞራል፤ ወደ ደቡብ በባሕሩ ዳር ወዳሉት ፋብሪካዎችና ወደ ወደቡ ይወርዳል፤ ሲውል ሲያድር ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮቹን ሰንጥቆ በጃፓን ባሕር በኩል እስካለችው እስከ ቶቶሪ ይደርሳል። ለእንደዚህ ያለ መንገድ ፈጣን ባቡር ያስፈልጋል። እንግዲህ ያንን ሁሉ ለመጀመር ሰበብ የሚሆን አንድ ትልቅ ነገር መፈለግ ነበረበት።

ሰበቡ በ1966 ተገኘ። የግንቡን እድሳት ለማክበር ከተማዋ ታላቅ ኤግዚቢሽን ደገሰች፤ ከኤፕሪል 3 እስከ ጁን 5 የሚቆይ፤ ዋና ሜዳውም ቴጋራያማ። በኮረብታው ላይ የዓሣና የባሕር እንስሳት ማሳያ ተሠራ፤ ከባቡር ጣቢያው እስከዚያ ጎብኚውን የሚያመላልሰው ሞኖሬሉ እንዲሆን ተወሰነ። በአሜሪካ ሲያትል በ1962 ይህንኑ አድርጋ ነበር፤ ለዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራው ሞኖሬሏ ዛሬም ይሠራል።

ሂሜጂ ግን ጊዜው አመለጣት። ኤግዚቢሽኑ በኤፕሪል መጀመሪያ ሲከፈት ሐዲዱ አላለቀም። የመጀመሪያው ባቡር መንገደኛ ይዞ የተነሣው ሜይ 17 ቀን ነው፤ ድግሱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው። ለሞኖሬሉ ከሁሉ የተመቸው ወቅት፣ የኤፕሪል የቼሪ አበባና የሕዝብ ግርግር፣ አምልጦ ሄዷል።

ቢሆንም ያንን የሜይ ወር ሳስበው ደስ ይለኛል። ከጣቢያው ጎን ካለው መነሻ የሚነሣው ባቡር ከባቡር ሐዲዱ ጎን ለጎን ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ጥቂት መቶ ሜትር እንደሄደ ፊት ለፊቱ አሥር ፎቅ ያለው ሕንፃ ይገጥመዋል። አይዞረውም፤ ሰተት ብሎ ይገባበታል። ሕንፃው በጃፓን የቤቶች ኮርፖሬሽን የተሠራ አፓርታማ ነው፤ ታች ሱቆችና ቢሮዎች፣ ሦስተኛውና አራተኛው ፎቅ ላይ ዳይሾጉን የተባለው የሞኖሬል ጣቢያ፣ ከዚያ በላይ የሰው መኖሪያ። አንድ ነዋሪ ከቤቱ ወጥቶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ ከሕንፃው ሳይወጣ ባቡር ይሳፈራል ማለት ነው። ዛሬ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች መኖሪያን፣ ንግድንና ትራንስፖርትን በአንድ ሕንፃ ማዋሐድ ይገባል እያሉ ያስተምራሉ፤ ሂሜጂ ያንን በ1966 ሠርታ አሳይታ ነበር። ባቡሩ በሕንፃው ሌላ ጎን ወጥቶ ወደ ደቡብ ይታጠፍና ቴጋራያማ ኮረብታ ላይ ካለው መድረሻ ይገባል። መላው ጉዞ የጥቂት ደቂቃ ነው።

የዋጋው ነገር ግን መስመሩን አነቀው። የአንድ አዋቂ መሳፈሪያ 100 የን ሆነ። በዚያው ጊዜ የአገሪቱ መንግሥታዊ ባቡር ዝቅተኛ ዋጋ 20 የን ነበር። 1.6 ኪሎ ሜትር በእግር የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ መንገዱም ሜዳ ነው። ደመወዝተኛ ሰው፣ እናት ልጆቿን ይዛ፣ ተማሪ፣ ይህን ሒሳብ ለመሥራት ወረቀት አያስፈልጋቸውም። ለኤግዚቢሽኑ እንግዳ 100 የን የመዝናኛ ወጪ ነው፤ ለከተማው ነዋሪ ግን በየቀኑ የሚከፈል አይደለም። ኤግዚቢሽኑ ጁን 5 ሲዘጋ እንግዳው ሄደ፤ ነዋሪው ደግሞ መጀመሪያም አልመጣም። ከዚህ በኋላ ሠረገላዎቹ ባዷቸውን መመላለስ ያዙ፤ የኪሣራው መዝገብ ወፈረ።

የከንቲባው ስሕተት ካለ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሞኖሬል በመሥራታቸው ሳይሆን፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ሰው በማይኖርበት ኮረብታ ላይ እንዲያበቃ በማድረጋቸው። መጀመሪያ ወደ ፋብሪካዎቹ የሚወርደው መስመር ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጠዋትና ማታ የሚሳፈር ሠራተኛ አያጣም ነበር። ኤግዚቢሽኑ ገንዘቡንና ፈቃዱን አስገኘ፤ መድረሻውን የወሰነውም እርሱ ሆነ።

በ1967 ምርጫ መጣ። ሞኖሬሉ የምርጫው ዋና ክርክር ሆነ። ተቃዋሚው ዮሺዳ ቶዮኖቡ መስመሩን አጥብቀው የሚነቅፉ ሰው ነበሩ፤ አሸነፉም። ኢሺሚ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ከወንበራቸው ወረዱ። የማራዘሚያው ዕቅድ ከእርሳቸው ጋር ተሰናበተ። አዲሱ አስተዳደር የወረሰው ጭራ የሌለው መነሻ ነበር፤ ሊያራዝመው አይፈልግም፣ ወዲያው እንዳይዘጋው ደግሞ ገንዘቡ ገብቶበታል። ጃንዋሪ 31 ቀን 1968 የአፓርታማው ጣቢያ ዳይሾጉን ተዘጋ፤ ከተከፈተ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ባቡሩ ከዚያ ወዲህ በሕንፃው ሆድ ውስጥ ሳይቆም ያልፍ ጀመር። ከላይ የሚኖሩት ሰዎች ድምፁን ይሰማሉ፤ መሳፈር ግን አይችሉም።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ከሂሜጂ ውጭ የተወሰነ ነው። ጃፓን ቢም ላይ ለሚሄድ የከተማ ሞኖሬል ወጥ ደረጃ ስታወጣ የተመረጠው ከአልቬግ የተወለደው ባለ ጎማው ዓይነት ሆነ። በጃፓን የሎክሂድን ሥርዓት የተከተሉት ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው፤ የሂሜጂውና በቶኪዮ አቅራቢያ በካዋሳኪ ከተማ ወደ አንድ የመዝናኛ ፓርክ የሚወስደው የሙኮጋኦካ ዩዌን መስመር። ሁለቱም የተከፈቱት በ1966 ነው። ሦስተኛ ደንበኛ አልመጣም፤ ሥርዓቱን ለመሸጥ በጃፓን የተቋቋመው ኩባንያም ፈረሰ። ከዚያ በኋላ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ሠረገላ ሲያረጅ የሚተካው የለም፤ ዕውቀቱም ያለው በጥቂት ሰዎች እጅ ነው። ሙኮጋኦካ ዩዌን እስከ 2000 ድረስ ታገለ፤ በዚያ ዓመት በባቡሩ የታችኛው አካል ላይ ስንጥቅ ሲገኝ አገልግሎቱ ቆመ፤ በ2001 መስመሩ ተዘጋ።

የሂሜጂው መጨረሻ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ መጣ። ማርች 15 ቀን 1972 ሺንካንሰን ሂሜጂ ደረሰ፤ ከተማዋ ያን ጊዜ ዓይኗን ሙሉ በሙሉ ወደ እርሱ አዞረች። ኤፕሪል 11 ቀን 1974 ሞኖሬሉ አገልግሎቱን አቋረጠ። ቃሉ «ማቋረጥ» ነበር፤ ለዘለቄታው የተዘጋው በሕግ በተሠረዘበት ቀን፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1979 ነው። በመካከል ያሉት አምስት ያህል ዓመታት መስመሩ በወረቀት ላይ ብቻ የኖረባቸው ናቸው።

ይህን የመሰለ ነገር ሲዘጋ የተለመደው ማፍረስ ነው። በሂሜጂ ግን ማፍረሱም ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ከብረትና ከኮንክሪት የተሠራ፣ በወንዝ ዳርና በቤቶች መካከል የቆመ፣ በሺንካንሰን ሐዲድ አጠገብ የሚያልፍ ግንባታ ነው፤ አንድ ቢም ለማውረድ ክሬን፣ ጥንቃቄና ብዙ የን ይፈልጋል። ስለዚህ የማፍረሱ ሥራ በችግር ቦታ ብቻ ተሠራ፤ መንገድ ሲሰፋ፣ ሕንፃ ሲነሣ፣ ኮንክሪት ይወድቃል ተብሎ ሲፈራ። የቀረው ቆመ። ሠረገላዎቹ ደግሞ በመጨረሻው ቀን በገቡበት በቴጋራያማ ጣቢያ ውስጥ ተዘግቶባቸው ቀሩ። ለቁራጭ ብረት አልተሸጡም፤ ለዝናብም አልተጋለጡም። ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል በሩ ተቆልፎ ነበር። ድህነት ያተረፈው ቅርስ የምለው ይህን ነው፤ ከተማዋ ገንዘብ ቢኖራት ኖሮ ዛሬ የምናየው ነገር አይኖርም ነበር።

በሩን የከፈተው ማን ነው? በ2003 ሂሜጂ አዲስ ከንቲባ መረጠች፤ ኢሺሚ ቶሺካትሱ ይባላሉ፤ የኢሺሚ ሞቶሂዴ ልጅ። እስከ 2019 ድረስ አስተዳደሩ። በእርሳቸው ዘመን የቴጋራያማ መናፈሻ ሲታደስ አሮጌው የሞኖሬል ጣቢያ አልፈረሰም፤ ታድሶ በኤፕሪል 2011 ለሕዝብ ተከፈተ። ከፊሉ የዓሣና የባሕር እንስሳት ማሳያው አዲስ ክፍል ሆነ፤ ሌላው የሞኖሬሉ ማሳያ አዳራሽ። ልጅ የአባቱን ሥራ ሲያከብር ሰው ወገንተኝነት ሊል ይችላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። መስመሩን ዳግመኛ አላስጀመሩም፤ ኪሣራውንም አልደበቁም። ከተማዋ ያፈረችበትን ነገር አውጥታ በብርሃን አስቀመጠች።

ዛሬ ወደ ቴጋራያማ የሚሄድ ሰው ከሂሜጂ ጣቢያ በእግሩ ቢሄድ ይሻለዋል እላለሁ፤ ታሪኩ መንገድ ላይ ነው። በባቡር ሐዲዱ አጠገብ የኮንክሪት ምሰሶዎች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ አንዳንዱ አናቱ ባዶ ነው፤ አንዳንዱ በቤቶች መካከል ተሰንጎ የሰፈሩ አካል ሆኗል። በሴንባ ወንዝ ዳር ሲደረስ ቢሙ ራሱ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እንደተጋደመ ይታያል። ከሥሩ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የቢሙን ጎኖች ልብ ይበል፤ ባቡሩን እንዳያዘነብል የያዙት የጎን ሐዲዶች ቦታ የነበረው እዚያ ነው። ከቶኪዮው ባለ ጎማ ሞኖሬል ጋር ያለው ልዩነት ከወረቀት ላይ ይልቅ እዚህ ቆሞ ሲያዩት ይገባል።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ የሞኖሬሉን ማሳያ ለማየት ክፍያ የለም፤ ዓሣዎቹን ለማየት ግን ትኬት ይቆረጣል። ከአዳራሹ ሲገቡ ሁለት ሠረገላዎች ከጥንቱ መድረክ ጎን፣ በጥንቱ ሐዲድ ላይ ቆመዋል። ከሌላ ቦታ መጥተው የተቀመጡ አይደሉም፤ በ1974 ያቆማቸው ሠራተኛ እዚሁ ነው ያቆማቸው። ብዙ የትራንስፖርት ሙዚየሞች የጎደላቸው ይኸው ነው፤ ባቡሩ አለ፣ ጣቢያው የለም፤ ወይም ጣቢያው አለ፣ ባቡሩ ተሸጧል። ቴጋራያማ ላይ ባቡር፣ ሐዲድ፣ መድረክና ጣቢያ በአንድነት አሉ። ውስጥ ገብቶ መቀመጥ ይቻላል፤ የሾፌሩንም ቦታ ማየት ይቻላል። ከመድረኩ ጠርዝ ዝቅ ብሎ ያየ ሰው የኮንክሪቱን ቢምና በአናቱ ላይ ያለውን የብረት ሐዲድ ያያል። የአሉሚኒየሙ አካል ክብ ክብ ያሉ ማዕዘኖች የአውሮፕላን ሠሪ እጅ እንደነካው ይናገራሉ። በግድግዳው ላይ የ1966ቱ ኤግዚቢሽን ፎቶዎች አሉ፤ በባቡሩ መስኮት አንገታቸውን ያወጡ የሚመስሉት ልጆች ዛሬ አያቶች ናቸው።

አፓርታማው ግን አልተረፈም። ዳይሾጉን ከተዘጋ በኋላ ጣቢያው በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ እንደተቆለፈ ቆየ፤ ሰዎች ከላዩ ኖሩ፣ ከሥሩ ነገዱ። ሕንፃው አርጅቶ፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ አይመችም ተብሎ እንዲፈርስ ተወሰነ። በኦገስት 2016፣ ከመፍረሱ በፊት፣ የውስጡ ጣቢያ ለሕዝብ ተከፍቶ ታየ። መድረኩ እዚያው ነበር፤ ባቡሩ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳም እንዲሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሕንፃው ከቦታው ጠፋ።

ይህ መፍረስ ያንገበግበኛል። ሠረገላ በዓለም ላይ ብዙ ተጠብቋል፤ ባቡር በሆዱ የሚያሳልፍ የ1966 መኖሪያ ሕንፃ ግን እንደልብ አይገኝም። የሞኖሬሉ ዋና ሐሳብ፣ ሰው ከሚኖርበት ይነሣል የሚለው፣ በቴጋራያማ ካሉት ሠረገላዎች ይልቅ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይነበብ ነበር። ዕድሜ የተጫነውን ሕንፃ በግድ ማቆየት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ የሰው ሕይወት ይቀድማል። ቢያንስ የጣቢያው ፎቅ አንድ ክፍል ተቆርጦ ኮረብታው ላይ ከሠረገላዎቹ አጠገብ ቢቆም ምን ነበረበት?

ምሰሶዎቹም ቁጥራቸው እየሳሳ ይሄዳል፤ መንገድ በሰፋ፣ ሰፈር በታደሰ ቁጥር አንድ ሁለቱ ይነሣሉ። ማየት የሚሻ ሰው ጉዞውን ከወንዙ ዳር ይጀምር፤ ቢሙ ከምሰሶው ጋር ተያይዞ የሚታይበት የቀረው ጥሩ ቦታ እርሱ ነውና፤ ከዚያ ኮረብታውን ወጥቶ ሠረገላዎቹ ጋ ይድረስ።